«ስንት በመቶ?» ከማለታችን በፊት

በ2025 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የግብር ሐሳብ አገሩን ሁሉ አከራከረ። ሐሳቡ አጭር ነው። ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሀብት ያለው ሰው በየዓመቱ ቢያንስ የሀብቱን 2 በመቶ ግብር ይክፈል። ሌሎች የሚከፍላቸው ግብሮች ተደምረው እዚያ ካልደረሱ ልዩነቱን ይሙላ። ሐሳቡን ያቀረበው ኢኮኖሚስቱ ጋብሪኤል ዙክማን ነው። የታችኛው ምክር ቤት የካቲት ላይ አጸደቀው። ሰኔ ላይ ሴኔቱ ጣለው። ጥቅምት ላይ በጀቱ ሲመጣ ጉዳዩ እንደገና ተነሳና የታችኛው ምክር ቤት ራሱ ውድቅ አደረገው።

ከጩኸቱ መሃል አንድ ነገር ብዙ ሰው ሳያስተውለው አለፈ። ደጋፊዎቹ ግብሩ በዓመት ወደ 20 ቢሊዮን ዩሮ ያስገባል አሉ። ተቃዋሚ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ 5 ቢሊዮን ገደማ ነው አሉ። ሕጉ አንድ ነው፣ ምጣኔው አንድ ነው፣ ሀብታሞቹም እነዚያው ናቸው። ታዲያ አራት እጥፍ ልዩነት ከየት መጣ?

የመደመር ስህተት አይደለም። ልዩነቱ ያለው «ግብሩ ሲጣል ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?» በሚለው ላይ ነው። ግብር በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ስለ ምጣኔው ይከራከራል፦ 30 ይሁን፣ 45 ይሁን፣ 2 ይሁን። ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጥናት የሚያሳየን ግን ምጣኔው ከሌላ ነገር በኋላ የሚመጣ ጥያቄ መሆኑን ነው። እዚያ ለመድረስ ከመሠረቱ እንነሳ።

ማንም ያልተጠቀመበት ኪሳራ

ሰው ግብር ሲጣልበት ዝም ብሎ አይከፍልም። አካሄዱን ይቀይራል። የግብር ጥናት ሁሉ መነሻው ይኼ ነው።

እንግሊዝ ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በቤት መስኮት ብዛት ግብር ታስከፍል ነበር። ሐሳቡ የሞኝ አልነበረም። የሰው ገቢ በማይታወቅበት ዘመን መስኮት ከውጭ ቆሞ ይቆጠራል፣ ሀብታም ደግሞ ብዙ መስኮት አለው። ከ1747 ጀምሮ ስሌቱ እንዲህ ሆነ። 9 እና ከዚያ በታች መስኮት ያለው ቤት በመስኮት አይከፍልም። ከ10 እስከ 14 ያለው በእያንዳንዱ መስኮት 6 ፔንስ ይከፍላል። ከ15 እስከ 19 ያለው 9 ፔንስ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ 12 ፔንስ፣ ማለትም 1 ሺሊንግ። ልብ በሉ፣ አሥረኛዋ መስኮት የምታስከፍለው የራሷን 6 ፔንስ ብቻ አይደለም። እሷ ስትመጣ አሥሩም ይቆጠራሉ፣ 60 ፔንስ። ሰው ምን አደረገ? አሥረኛዋን በጡብ ደፈናት። የዘመኑን የግብር መዝገብ የመረመሩ ኢኮኖሚስቶች ቤቶቹ 9፣ 14 እና 19 መስኮት ላይ ተከማችተው አግኝተዋቸዋል።

አሥረኛዋን መስኮት የደፈነ ሰው ለመንግሥት በመስኮት ምንም አልከፈለም። ራሱም ብርሃንና አየር አጣ። የእሱ ጉዳት ለማንም ጥቅም አልሆነም። ኢኮኖሚስቶች ይህን «ዴድዌይት ሎስ» ይሉታል፣ ከከፋዩ ወጥቶ የማንም ኪስ ያልገባ ኪሳራ ማለት ነው። ግብር ከሰው ወስዶ ለሌላ ሰው ወይም ለመንገድና ለትምህርት ቤት ሲሰጥ ገንዘቡ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። የተደፈነው መስኮት ግን ጠፍቶ የቀረ ነገር ነው።

ይህ ኪሳራ መጥፎ ጠባይ አለው። ምጣኔው እጥፍ ሲሆን ኪሳራው እጥፍ ሆኖ አይቆምም፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ብዙ ባለሙያዎች «መሠረቱ ሰፊ፣ ምጣኔው ዝቅተኛ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ነገር ላይ 40 በመቶ ከመጫን ብዙ ነገር ላይ 10 በመቶ መጣል ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ያንሳል።

በ1927 ፍራንክ ራምሴ የተባለ የ24 ዓመት የካምብሪጅ ሊቅ ጥያቄውን በሒሳብ አስቀመጠው። መንግሥት ይህን ያህል ገንዘብ የግድ ያስፈልገዋል እንበል። በየትኛው ዕቃ ላይ ስንት ቢጥል ጉዳቱ ከሁሉ ያንሳል? መልሱ ሲጠቀለል እንዲህ ይላል፦ ዋጋው ቢጨምርም ሰው የማይተወው ዕቃ ላይ ጠንከር፣ ሰው በቀላሉ የሚተወው ላይ ላላ ማለት ያዋጣል። ከኪሳራ አንጻር ትክክል ነው። ግን ሰው የማይተወው ምንድን ነው? መድኃኒት፣ እህል፣ ጨው። ራምሴ ቀመሩን ሲሠራ ድሃና ሀብታም የሚባል ልዩነት አላስገባም፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው ብሎ ነው የተነሳው። ስለዚህ ቀመሩን እንዳለ የወሰደ መንግሥት ድሃውን ጨምቆ «ቀልጣፋ ነኝ» ሊል ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ።

በነገራችን ላይ ምላሹ ራሱ የሚፈለግበት ግብርም አለ። የካርቦን ግብር ዓላማው ሰው የሚያቃጥለውን ነዳጅ እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ስዊድን ከ1991 ጀምሮ ታስከፍላለች። እዚያ ሰው አካሄዱን ሲቀይር ግብሩ ሠራ ይባላል። ከዚህ በታች የማወራው ግን ገንዘብ ለመሰብሰብ ስለሚጣሉት ግብሮች ነው።

መንግሥት የማያየው ነገር

በ1971 ጄምስ ሚርሊስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ኢኮኖሚስት ነገሩን ገለበጠው። ዊልያም ቪክሪ በ1945 የጀመረውን ሐሳብ ይዞ እንዲህ ሲል ተነሳ፦ ፍትሐዊ መንግሥት ግብር መጣል የሚፈልገው በሰው አቅም ላይ ነው። አቅም ግን አይታይም። የሚታየው ገቢ ነው። ገቢ ደግሞ አቅምና ጥረት ተደባልቀው የሚያወጡት ውጤት ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው አቅም ስለሌለው ነው ወይስ መሥራት ስላልፈለገ? መንግሥት መለየት አይችልም። ብዙ የሚያገኘው ላይ ግብሩን ሲያከብድ፣ አቅም ያለው ሰው ጥረቱን ቀንሶ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው መሃል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ የተሻለው ግብር (በሙያው ስሙ «ኦፕቲማል ታክሴሽን» ይባላል) ይህንን እያወቀ የሚነደፍ ነው። በአንድ በኩል ድሃውን መደገፍ፣ በሌላ በኩል የሚከፍለውን ሰው ከሥራ አለማራቅ።

ሚርሊስ ለብሪታንያው የሠራተኛ ፓርቲ አማካሪ የነበረ ሰው ነው። ጥናቱ ከፍተኛ ግብርን ይደግፋል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሒሳቡ ሲያልቅ የወጣው ግን ዝቅ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች ብዙም የማይለያይ ምጣኔ ነው። እንዳልጠበቀው በጽሑፉ ላይ በግልጽ አስፍሮታል። የተመኘውን ያልሰጠውን ውጤት እንዳለ ያተመ ሰው መሆኑን ሳስብ አክብሮቴ ይጨምራል። በ1996 እሱና ቪክሪ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ቪክሪ ዜናው በተሰማ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የተስፋፋ ስህተት እናጥራ። «ደመወዜ ጨምሮ ከፍ ያለ እርከን ውስጥ ስለገባሁ የሚደርሰኝ ቀነሰ» የሚል ሰው አይጠፋም። በእርከን የሚሠራ የገቢ ግብር እንዲህ አያደርግም። እስከ 1,000 ያለው 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል እንበል። 1,001 ያገኘ ሰው 30 በመቶ የሚከፍለው በአንዷ ላይ ብቻ ነው። ግብሩ 100 ከ30 ሳንቲም ይሆናል። ይህ በመጨረሻዋ ገቢ ላይ የሚጣለው «የኅዳግ ምጣኔ» ይባላል። ሰው ትንሽ ጨምሬ ልሥራ ወይስ ልተው ብሎ ሲወስን የሚያየው እሱን ነው። አንድ እርምጃ ሲሻገሩ ሁሉም ላይ የሚያስከፍለው የመስኮቱ ግብር ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ገደል ዛሬም አለ፣ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከታች፣ ድጎማ ላይ ነው። እመለስበታለሁ።

73 በመቶ ከየት መጣ?

የሚርሊስ ሒሳብ ለባለሙያም ከባድ ነበር። ፒተር ዳይመንድ በ1998፣ ኢማኑኤል ሳኤዝ በ2001 ወደ ቀላል ቀመር አወረዱት። በ2011 ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው አሜሪካ ውስጥ በጣም ከፍተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ላይ የሚጣለው የኅዳግ ምጣኔ 73 በመቶ ቢሆን ከእነሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ጣሪያው ላይ ይደርሳል ብለው ጻፉ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ በየክርክሩ ይጠቀሳል። እንዴት እንደተገኘ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም።

ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። አንደኛው የሀብታሞቹ ገቢ እላይ ድረስ ምን ያህል እንደተዘረጋ የሚለካ ቁጥር ነው፣ አሜሪካ ውስጥ 1.5 ገደማ። ሁለተኛው «ኢላስቲሲቲ» ነው። ቃሉ አያስፈራ። ከተጨማሪ ገቢው ለሰውየው የሚቀረው ድርሻ በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ የሚያሳውቀው ገቢ በስንት በመቶ ይቀንሳል ማለት ነው። በአጭሩ የምላሽ መጠን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ማባዛት፣ 1 መደመር፣ ከዚያ 1ን ለተገኘው ማካፈል። ምላሹ 0.25 ከሆነ 73 በመቶ ይመጣል። 0.5 ከሆነ 57። ምላሹ 1 ከሆነ 40 በመቶ።

አያችሁ? «73 ነው ትክክሉ» እና «40 ነው ትክክሉ» የሚሉት ሁለት ሰዎች አንድ ቀመር ይዘው ሊሆን ይችላል። የሚለያያቸው አንድ ቁጥር ነው።

ስለ ቁጥሩ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ 73 በመቶው የገቢ ግብር ብቻ አይደለም፣ የክልል ግብርና የፍጆታ ታክስ ጭምር ተደምሮበት ነው። ሁለተኛ፣ ቀመሩ ውስጥ አንድ የሥነ ምግባር ፍርድ አለ። በጣም ሀብታም ለሆነ ሰው አንድ ተጨማሪ ዶላር የሚሰጠው ጥቅም ከዜሮ አይርቅም ብሎ ነው የሚነሳው። ይህን የማይቀበሉ አሉ። ኢኮኖሚስቱ ግሬግ ማንኪው ለምሳሌ ሰው ላበረከተው የሚገባውን ማግኘት አለበት፣ የግብር ጥያቄ የጥቅም ሚዛን ብቻ አይደለም ሲል ተከራክሯል። ይህ የእሴት ክርክር ነው፣ በመረጃ አይፈታም። ከቀመሩ ተቃራኒ አቅጣጫ የሄዱም አሉ። ኢኮኖሚስቶቹ ፒኬቲ፣ ሳኤዝና ስታንቼቫ በ2014 ባወጡት ጥናት፣ የላይኛው ገቢ በከፊል ከሌላው ድርሻ ተደራድሮ የሚወሰድ ከሆነ ምጣኔው እስከ 83 በመቶ ሊደርስ ይችላል ብለዋል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ትችት ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ ግምቶች ከጥቂት ዓመታት መረጃ የተወሰዱ ናቸው። ሰው ምን ሙያ ልማር፣ የት ልሥራ፣ ልፍጠር ወይስ ልቀጠር ብሎ የሚወስነው ግን በረጅም ጊዜ ነው። በ2022 የታተመ፣ ስታንቼቫ ራሷ ያለችበት ጥናት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ግብር ሲጨምር የፈጠራ ባለሙያዎች ቁጥርና የፈጠራ ሥራቸው መጠን እንደቀነሰ፣ ከግዛት ወደ ግዛትም እንደተዘዋወሩ አሳይቷል። የ83 በመቶው ጥናት ላይ የተሳተፈች ተመራማሪ ይህንንም ማሳየቷ፣ ነገሩ የቡድን ጉዳይ እንዳልሆነ ይነግረናል።

ምላሹን የሚሠራው ሕጉ ራሱ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሕዝብ ሲከራከር ምላሹ ልክ እንደ ሰው ቁመት የተወሰነ ነገር ይመስላል፦ «ሀብታሞች ይሸሻሉ» ወይም «አይሸሹም»። ጥናቱ የሚለው ግን ሌላ ነው።

አሜሪካ በ1993 የከፍተኛ ገቢ ግብርን ከፍ አደረገች። ጭማሪው እንደሚመጣ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የትልልቅ ኩባንያ ኃላፊዎች የአክሲዮን ግዢ መብታቸውን በ1992 መጨረሻ ላይ ተጣድፈው ወደ ገንዘብ ቀየሩት። ኦስታን ጉልስቢ ይህን ሲያጠና፣ በአጭር ጊዜ ሲታይ ምላሹ ከ1 በላይ ሆኖ አገኘው። ትንሽ ራቅ ተደርጎ ሲታይ ግን ቢበዛ 0.4 ነው። ሰዎቹ ሥራቸውን አልተዉም። ቀኑን ነው የቀየሩት።

ካንሳስ ግዛት በ2012 የግብር ሕጓን ስትቀይር የአነስተኛና የሽርክና ድርጅት ባለቤቶች ከድርጅታቸው ወደ እጃቸው የሚገባውን ትርፍ ከግዛቱ የገቢ ግብር ነጻ አደረገችው። ደመወዝ ግን ይከፈልበታል። ሰበቡ የሥራ ፈጠራ ነበር። በኋላ የተደረገው ጥናት ያገኘው በአብዛኛው የስም ለውጥ ነው። ያው ሰው፣ ያው ሥራ፣ ገቢው ግን ሌላ ስም ይዞ ተመዘገበ። በጀቱ ተናግቶ በ2017 ሕጉ ተሻረ።

ከሁሉ ጥርት ያለውን ማስረጃ የሰጠችን ዴንማርክ ናት። ተመራማሪዎች ከግብር ባለሥልጣኑ ጋር ሆነው ከ40,000 በላይ ግብር ከፋዮችን በዕጣ መረጡና ገሚሶቹን በጥልቀት ኦዲት አስደረጉ። ውጤቱ በ2011 ታተመ። አሠሪው ወይም ባንኩ በቀጥታ ለግብር ቢሮ የሚያሳውቀው ገቢ ላይ ስወራው ከ1 በመቶ በታች ነው። ሰውየው ራሱ ብቻ የሚያሳውቀው ገቢ ላይ ግን ወደ 40 በመቶ ይደርሳል። አገሩ አንድ ነው፣ ባህሉም ሕጉም ምጣኔውም አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ያው ሰው ራሱ ነው፣ በደመወዙ ታማኝ፣ በጎን ገቢው ሰዋሪ። የሕዝቡ ሥነ ምግባር ይህን ልዩነት አያስረዳም። የሚያስረዳው ሌላ ሰው መረጃውን መስጠቱና አለመስጠቱ ነው።

ጆኤል ስሌምሮድና ቮይቼክ ኮፕቹክ በ2002 ይህን ሐሳብ መልክ ሰጡት። ኢላስቲሲቲ ራሱ የፖሊሲ ምርጫ ነው አሉ። ከግብር ነጻ የሚባሉት ነገሮች ሲበዙ፣ ቁጥጥሩ ሲላላ፣ አንድ ገቢ ሁለት ስም ሊኖረው ሲችል ምላሹ ይተልቃል። ምላሹ ሲተልቅ ደግሞ ቀመሩ «ምጣኔውን ቀንሱ» ይላል። ቀዳዳው ሲደፈን ያው ቀመር ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ስለ ምጣኔ ከመከራከር በፊት የሚጠየቀው «ገቢው የሚያመልጠው በየት በኩል ነው?» የሚለው ነው። ይህ ሳይመለስ የተቆረጠ ምጣኔ ከፍ ያለም ሆነ ዝቅ ያለ በግምት የተጣለ ነው።

አሁን የፈረንሳዩን ክርክር በዚህ ዓይን እንየው። በ1990 ኦኢሲዲ ከተባለው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት አባላት 12ቱ ዓመታዊ የሀብት ግብር ነበራቸው። በ2017 የቀሩት 4 ናቸው። ተቺዎች «ተሞክሮ የከሸፈ ነገር ነው» ይላሉ። እነ ዙክማን ደግሞ «የከሸፈው ነጻ የሚደረጉት ንብረቶች ስለበዙ፣ ገንዘቡም ድንበር ሲሻገር የሚያይ ስላልነበረ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ስለ ያለፈው እውነቱን ነው የሚናገረው። ክርክሩ አዲሱ ሕግ ቀዳዳዎቹን በእውነት ይደፍናል ወይ በሚለው ላይ ነው። በአክሲዮን ብቻ ሀብታም የሆነ፣ ጥሬ ገንዘብ የሌለው የጀማሪ ኩባንያ መሥራች ምን ይሁን? ከአገር የወጣ ሰው ለስንት ዓመት ይከተለው? ሃያ ቢሊዮኑም አምስት ቢሊዮኑም የተንጠለጠለው እንዲህ ባሉ አንቀጾች ላይ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ግን የተሰማው «2 በመቶ» ብቻ ነበር።

ዜሮ ይሁን ተብሎ የነበረው ግብር

ቀመርን እንደ ቅዱስ ቃል መያዝ ምን እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1985 ኬኔት ጀድ፣ በ1986 ክሪስቶፍ ቻምሊ በረጅም ጊዜ በካፒታል ገቢ (እንደ ወለድና የአክሲዮን ትርፍ ባለው) ላይ የሚጣለው ከሁሉ የተሻለ ግብር ዜሮ ነው የሚል ውጤት አወጡ። ለሰላሳ ዓመት ያህል በየመማሪያ መጽሐፉ ተጻፈ፣ በየፖሊሲ ሰነዱም ተጠቀሰ። በ2020 ሉድቪግ ሽትራውብና ኢቫን ቨርኒንግ ያንኑ ሞዴል መልሰው ሲመረምሩት ድምዳሜው ሁልጊዜ እንደማይሠራ አሳዩ። በአንዳንድ ሁኔታ ከራሱ ከሞዴሉ የሚወጣው መልስ ዜሮ ያልሆነ፣ ከፍ ያለም ግብር ነው። ዓለም አልተቀየረችም፣ መረጃም አልተጨመረም። ማረጋገጫው ላይ የነበረ ክፍተት ነው የታየው።

ደረሰኝ በሌለበት

እስካሁን ያወራነው መረጃ ስላለው መንግሥት ነው። መረጃ የሌለው መንግሥት ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ጥናቱ ባለፉት 15 ዓመታት ብዙ ተለውጧል፣ ለእኔም በጣም የሚመስጠው ክፍል ይኸ ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስን (ቫት) እንውሰድ። ፈረንሳይ በ1954 ጀመረችው፣ ዛሬ ከ170 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ዳይመንድና ሚርሊስ በ1971 ያሳዩት መርህ ላይ ይቆማል፦ ለሌላ ምርት ግብዓት በሚሆን ዕቃ ላይ ግብር ማረፍ የለበትም፣ አለዚያ ታክስ በታክስ ላይ ይደራረባል። ቫት ሌላም ጥቅም አለው። ገዢው ድርጅት የከፈለውን ታክስ ለማስመለስ ደረሰኝ ይፈልጋል። ስለዚህ ሻጩን የሚቆጣጠረው ገዢው ይሆናል። ዲና ፖመራንዝ ቺሊ ውስጥ ባደረገችው ጥናት የግብር ቢሮው ለድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። ድርጅት ለድርጅት በሚሸጥበት ቦታ ደብዳቤው ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፣ ወረቀቱ ቀድሞም ሰዎቹን ይዟቸዋልና። ለውጡ የታየው ሰንሰለቱ በሚያልቅበት፣ ደረሰኝ የማያስፈልገው ሸማች ጋ ነው።

ፓኪስታን ውስጥ ደግሞ መርሁ ራሱ ተፈተነ። እዚያ ድርጅቶች ከትርፍ ግብርና ከጠቅላላ ሽያጭ ግብር የሚበልጠውን ይከፍላሉ። በጠቅላላ ሽያጭ ላይ የሚጣል ግብር (ተርን ኦቨር ታክስ) በመጽሐፉ መሠረት መጥፎ ነው፣ የከሰረውንም ያስከፍላል። ግን ወጪን አጋንኖ ትርፍን መደበቅ ቀላል ሲሆን ሽያጭን መደበቅ ይከብዳል። በ2015 የታተመው ጥናት ይህ አሠራር ስወራን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። መደበቅ በቀለለበት አገር «መጥፎው» ግብር ከ«ጥሩው» ሊሻል ይችላል ማለት ነው።

ኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ ካናንጋ ከተማ፣ 2018። የንብረት ግብር በየቤቱ ደጃፍ ይሰበሰባል። ለአብዛኛው ቤት ግብሩ በዓመት 3,000 የኮንጎ ፍራንክ ነው። ተመራማሪዎቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው በዕጣ ለአንዱ ቤት 3,000፣ ለሌላው 2,500፣ ለሌላው 2,000፣ ለሌላው 1,500 እንዲጠየቅ አደረጉ። አብዛኛው ሰው ጭራሽ በማይከፍልበት ከተማ፣ የተቀነሰላቸው ቤቶች በብዛት መክፈል ጀመሩ። ስሌቱ ሲሠራ ብዙ ገቢ የሚያስገኘው ምጣኔ ከነበረው በሲሶ ገደማ ዝቅ ያለ ሆነ። «ግብር ሲቀንስ ገቢ ይጨምራል» የሚለው አባባል በሀብታም አገሮች ብዙ ጊዜ አይሠራም። እዚህ ግን በትክክል ሠራ።

ከዚህ «ድሃ አገር ግብር ይቀንስ» ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ይኖራል። ቀሪውን ግማሽ ያንብብ። እነዚያው ተመራማሪዎች ጎበዝ ሰብሳቢዎች በተመደቡበት ሰፈር ሰው ሊሸከመው የሚችለው ምጣኔ ከፍ እንደሚል አገኙ። ማስከበርና ምጣኔ አብረው የሚሄዱ ናቸው። የመሰብሰብ አቅም በሌለበት ምጣኔ መጨመር የሚከፍሉትን ጥቂቶች ማባረር ነው። አቅሙ ሲገነባ ግን የጣሪያው ቁጥር ራሱ ይነሳል።

የሚከፍለው ማን ነው?

ሕግ ላይ ከፋይ ተብሎ የተጻፈውና ሸክሙ የሚያርፍበት ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ጀርመን ውስጥ የድርጅት ግብር በየማዘጋጃ ቤቱ ይለያያል። ያንን የተጠቀመ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ግብሩ ሲጨምር ከሸክሙ ግማሽ ያህሉ በዝቅተኛ ደመወዝ መልክ ሠራተኛው ላይ እንደሚያርፍ አሳየ። ምክንያቱ ያው ምላሽ ነው። መንቀሳቀስ የሚችለው ሸክሙን ያስተላልፋል፣ መሄጃ የሌለው ይሸከማል።

ከታች ደግሞ፣ ያንን ገደል ያህል ባይሆንም፣ ቁልቁለት አለ። ብሪታንያ ውስጥ «ዩኒቨርሳል ክሬዲት» የሚባለውን ድጎማ የሚያገኝ ሰው ደመወዙ ሲጨምር ድጎማው ይቀነስበታል። ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ ቅነሳው ከእያንዳንዱ ተጨማሪ የተጣራ ፓውንድ 55 ፔንስ ነው፣ ቀድሞ 63 ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ከፍተኛው የገቢ ግብር ምጣኔ 45 በመቶ መሆኑን እያሰባችሁ ይህን እዩት። ስሙ ግብር አይደለም። ለሚሠራው ሰው ግን ልዩነቱ ምንድን ነው? የሚርሊስ ሞዴል ራሱ ይህን በከፊል ይደግፋል፤ ድጎማው ለሁሉም እንዳይሆን የሆነ ቦታ ላይ መቀነስ አለበት። ሳኤዝ በ2002 ግን ዋናው ውሳኔ «ስንት ሰዓት ልሥራ?» ሳይሆን «ሥራ ልግባ ወይስ አልግባ?» ሲሆን፣ ዝቅተኛ ደመወዝተኛውን ሲሠራ መደጎም እንደሚሻል አሳይቷል። አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ለሠራተኛ ቤተሰቦች የምትሰጠው የግብር ተመላሽ በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ስለ ሀብታም ምጣኔ ከምንጮኸው ሩቡን ያህል እንኳ ስለዚህ ብናወራ ደስ ባለኝ ነበር።

ወደፊት ምን እንጠብቅ?

ብዙ አገሮች ዕዳ ከብዷቸዋል፣ የሕዝባቸው ዕድሜ ገፍቷል፣ ወጪያቸው ይጨምራል። የግብር ክርክሩ ይብሳል እንጂ አይበርድም። ከምጣኔው በላይ ውጤቱን የሚወስነው ግን መረጃ የት እንደደረሰ ነው። ከ2017 ጀምሮ ከመቶ በላይ አገሮችና ግዛቶች ቀስ በቀስ የሌላ አገር ነዋሪ የሆኑ ደንበኞችን የባንክ ሒሳብ መረጃ ለሚኖሩበት አገር በራስ ሰር መላክ ጀምረዋል። የአውሮፓ ኅብረት የግብር ታዛቢ ተቋም ሪፖርት እንዳለው፣ በውጭ አገር ሒሳብ ገንዘብ ደብቆ ግብር አለመክፈል በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሲሶ ወርዷል። የ1990ዎቹን የሀብት ግብር ያፈራረሰው አንዱ ቀዳዳ ጠብቧል ማለት ነው። በዚያ ዘመን የተለካ ኢላስቲሲቲን ዛሬ እንዳለ መጥቀስ አያስኬድም።

ግን ገንዘቡ መውጫ መፈለጉን አላቆመም። ልውውጡ የባንክ ሒሳብን እንጂ በውጭ አገር የተገዛ ቤትና መሬትን አላካተተም፣ ከተደበቀው ሀብት አንድ ክፍልም ወደዚያው እየዞረ ነው። የቤትና የመሬት ባለቤቶች መዝገብ በአገሮች መካከል ሊታይ ይችላል ወይ የሚለው ለጊዜው የቴክኒክ ባለሙያዎች ጉዳይ ተደርጎ ተትቷል። የሚቀጥለው የሀብት ግብር ሃያ ያምጣ ወይስ አምስት የሚለው ግን በአብዛኛው እዚያ መዝገብ ላይ ነው የሚወሰነው።